ሻምበል አበበ ቢቂላ በልምምድና በፈተና ቀን

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ካለፉት ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ ጽፌ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ማንን እንደምመርጥ ግራ ገብቶኝ ብዙ ቀን ቆየሁ። ነገሥታቱንና ደራስያኑን ሌሎች ጓደኞቼ አስቀድመው ወስደዋቸዋል። በዚያው ሳምንት ግን የ12ኛ ክፍል የሞዴል ፈተና ውጤት በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውም ነገር ምርጫዬን ቆረጠልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የእኔ ስም ከላይ ሁለተኛ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የተማረው የቅርብ ጓደኛዬ ስም ደግሞ ከታች ወደ መጨረሻው ነበር። ይህ ጓደኛዬ ከመሸንቲ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ጧት ጧት ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ እየተጓዘ የሚመጣ፣ በክፍል ውስጥም የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ልጅ ነው። ውጤቱን ባየ ማግሥት ከትምህርት ቤት ቀረ፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ቤቱ ድረስ ብሄድ፣ መጻሕፍቱን ጠቅልሎ ባሕር ዳር በመግባት የቀን ሥራ ሊፈልግ መቍረጡን ነገረኝ። አባቱ በሬዎቻቸውን ፈትተው ከማሳ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ልጃቸው ምን ደርሶበት እንደ ተከዘ እኔን ጠየቁኝ፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

የምመልሰው ያጣሁት ነገሩን ከሌላው ወገን ስለ ቀመስሁት ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሞዴል ፈተና አንደኛ ወጥቼ ነበር። እናቴ ደስ ብሏት ድፎ ዳቦ ደፍታ፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ክልላዊው ፈተና በደረሰ ጊዜ ግን ያገኘሁት ውጤት ከሞዴሉ በእጅጉ ዝቅ ያለ ሆነ። ማለፉንስ አለፍሁ፤ ነገር ግን እነዚያ ዳቦ የቈረሱ ጎረቤቶች ውጤቴን ሳይጠይቁኝ ዝም ብለው ማለፋቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

እንግዲህ አንድ ልጅ፣ በተቀራረበ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ትምህርት ተፈትኖ ሁለት የተለያየ ቍጥር የሚያገኘው ስለ ምንድን ነው? ከሁለቱስ ቍጥር እውነተኛው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ለስፖርት መምህራችን ባቀርብላቸው፣ መልሱን ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት እንድፈልግ መከሩኝ። እኔም አበበን የማውቀው በባዶ እግሩ ሮጦ በማሸነፉ ብቻ ስለ ነበረ፣ ሯጭ ከፈተና ጋር ምን አገናኘው ብዬ ተገረምሁ። ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ ግን መምህሩ ያለ ምክንያት እንዳልመከሩኝ ተረዳሁ። ያገኘሁትንም እነሆ ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች አቀርባለሁ።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። በዚያው ቀን በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ይሁን እንጂ በጃቶ መንደር ስለ ማራቶን የሰማ ሰው አልነበረም። ሕፃኑ ገና እግሩ ሳይጸና የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ፤ ቤተ ሰቡም እንደ ብዙው የዚያ ዘመን ቤተ ሰብ ቀዬውን ትቶ ተሰደደ። ኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው እርሻቸውን ያዙ። አበበ በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይወድ ነበር። የዚያ ጊዜ የገና ጨዋታ እንደ ዛሬው የእግር ኳስ ሜዳ ወሰን አልነበረውም፤ ከአንዱ ግብ እስከ ሌላው አንዳንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለ ነበረ፣ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን ሲያሳድዱ ይውላሉ። ልጁ ሳያውቀው ትምህርቱን የጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ 20 ዓመት ሲጠጋ አዲስ አበባ ገብቶ በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበሩ። ወጣቱ ወታደር ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ እየሮጠ የሚመላለስ መሆኑን አሠልጣኙ አስተዋሉ፤ ያዙትም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ስሙ የገነነው ሯጭ አበበ ሳይሆን ዋሚ ቢራቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው የጦር ኃይሎች ውድድርም ዋሚ አንደኛ ሲወጣ አበበ ሁለተኛ ሆነ። በዚያ ቀን ውጤት ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ይህ ልጅ የዓለም አንደኛ ይሆናል ብሎ አይገምትም ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ የሮም ኦሊምፒክ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በአዲስ አበባ የማራቶን ማጣሪያ ተደረገ። አበበ የመጀመሪያውን ማራቶን አሸነፈ፤ ከአንድ ወር በኋላም ሁለተኛውን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ፤ የመጀመሪያው የሞዴል ፈተና ይህ ነውና። ታላቁ የቼኮስሎቫኪያ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ስለ ነበረ፣ የአበበ ጊዜ ከዚያ የተሻለ ነበር። ነገር ግን የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ የዓለሙን ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አድርሶት ነበር። ቍጥሩን ብቻ ላየ ሰው አበበ ከዓለሙ ክብረ ወሰን በ6 ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ነው።

ቍጥሩ ያልተናገረው ግን አንድ ነገር አለ፤ የተሮጠበትን ቦታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ሯጩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ከቈላው ያነሰ ነው። በረጅም ሩጫም ይህ ብዙ ደቂቃ ያስከፍላል። ሮም ግን ለባሕር ቅርብና ዝቅ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ አበበ በአዲስ አበባ የተፈተነው በከባድ ወረቀት ነበር ማለት ነው።

ሮም ከደረሰ በኋላ አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዛ። ጫማው ግን አልስማማው ብሎ እግሩን አቈሰለው። በዚህ ጊዜ ሌሎች ስለሚያደርጉት ነገር ሳይጨነቅ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር ይተርካል፤ እኔ ግን ተአምሩ ሌላ ነው እላለሁ። አበበ በፈተናው ቀን ያልለመደውን ነገር ጥሎ የለመደውን ያዘ። በባዶ እግር መሮጥ ለእርሱ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ጫማው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ከተፎካካሪዎቹ አንዱ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እንደሚሆንና ቍጥሩም 26 እንደ ሆነ ለአበበ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን በዚያ ቀን ለብሶ የተገኘው 185 ቍጥርን ነው። ውድድሩ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ወደ ማታ በካፒቶሊን ኮረብታ ሥር ተጀመረ። ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሁለት ሯጮች ከሁሉ ተለይተው ወጡ፤ እነርሱም አበበና ይህ ባለ 185 ቍጥር ሰው ነበሩ። አበበ 26 ቍጥርን በዓይኑ ይፈልግ ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ግን ከጎኑ ይሮጥ ነበር። ከእኛ መካከል ያጠናው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ሲመጣበት ግራ ያልተጋባ ማን ነው? አበበ ግን ቍጥሩን ቢስትም ሩጫውን አልሳተም፤ ከጎኑ ያለው ማንም ይሁን ማን ሊቀድመው ተዘጋጅቶ ነበርና።

ፋሺስቶች ከአገራችን ወስደው በሮም አደባባይ አቁመውት የነበረው የአክሱም ሐውልት በሩጫው መንገድ ላይ ነበር። ሯጮቹ በመጨረሻ ወደ ሐውልቱ በተቃረቡ ጊዜ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ጥሎት ሄደ። ጨልሞ ስለ ነበረ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። በቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲሆን ገባ፤ የዓለሙንም ክብረ ወሰን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሰበረ። ራዲ በ25 ሰከንድ ዘግይቶ ደረሰ። ከአበበ ጋር የሄደው አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጣ። በማግሥቱ በአገራችን ዕንቍጣጣሽ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ከዚያ የበለጠ የአዲስ ዓመት ስጦታ ይኖራልን? ሐውልቱም ከብዙ ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል።

የአዲስ አበባው ማጣሪያና የሮሙ ውድድር ሲነጻጸሩ የ6 ደቂቃ ልዩነት አላቸው። ሰውየው ያው ነው፤ እግሩም ያው ነው። የተለወጠው ቦታው፣ አየሩና አብረውት የሚሮጡት ሰዎች ናቸው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አለቆች መንግሥት ለመገልበጥ በሞከሩ ጊዜ አበበም የዚያው ክፍል ወታደር በመሆኑ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። ከዚያም በግሪክ፣ በጃፓንና በቼኮስሎቫኪያ በማራቶን እየተወዳደረ አሸነፈ። ሰው ሁሉ ከእንግዲህ አይሸነፍም አለ። ነገር ግን በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ማራቶን በተሰለፈ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። አበበና ማሞ ወልዴ ከሩጫው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ከሁሉ ቀድመው ሲሮጡ ቆዩ፤ ኋላ ብርዱ ነፋስና ዳገቱ ጐዳቸው። አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነው ፈጸሙ። የዓለም ክብረ ወሰን ሰባሪና የኦሊምፒክ አሸናፊ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ነፋስ 5ኛ ሊወጣ ይችላል። ታዲያ 5ኛ የወጣው ሰነፍ ስለ ሆነ ነውን? አይደለም። የአንድ ቀን ውጤት የአንድ ቀን ውጤት ነው።

ወደ ቶኪዮ ኦሊምፒክ የተደረገው ማጣሪያ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። በ1956 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገው ማጣሪያ አበበ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ገደማ አንደኛ ሲወጣ፣ ደምሴ ወልዴ ጥቂት ብቻ ዘግይቶ ተከተለው። በዚያ የማጣሪያ ወረቀት ላይ ሁለቱ ሰዎች የሚተካከሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ፣ ውድድሩ 5 ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አበበ ድንገት ታመመ፤ ትርፍ አንጀት ሆኖ ስለ ተገኘ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ገና ቍስሉ ሳይጠግግ በሆስፒታሉ ግቢ ቀስ እያለ ልምምድ ጀመረ ይባላል። በዚያ ጊዜ ማን ያሸንፋል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከማጣሪያው ውጤትና ከሆስፒታሉ ወሬ ተነሥቶ አበበን የሚጠራ ጥቂት ነበር።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ እንደ ገና የዓለሙን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ባዝል ሂትሊ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። አበበም ተወዳዳሪዎቹን ሲጠብቅ በሜዳው ላይ ተጋድሞ እግሩን ያፍታታ ጀመር። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በማጣሪያው አጠገቡ የነበረው ደምሴ ወልዴ ግን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ 10ኛ ወጣ። ማሞ ወልዴም በ10,000 ሜትር 4ኛ ቢወጣም ማራቶኑን አልፈጸመም። በማጣሪያ ተቀራርበው የነበሩ ሁለት ሰዎች በፈተናው ቀን 9 ደቂቃ ተራራቁ። ደምሴን ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ከዓለም 10ኛ መውጣት ታላቅ ነገር ነው። የምናስተውለው ግን የማጣሪያ ወረቀት የፈተናውን ቀን ሙሉ በሙሉ ሊተነብይ አለመቻሉን ነው።

የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲደርስ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን አዘነበለ። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የደጋ ሰው የሆነው አበበ ለሦስተኛ ጊዜ ያሸንፋል ተብሎ ተጠበቀ። ነገር ግን ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጥቅምት 10 ቀን አበበ ከእነ ሕመሙ ተሰለፈ፤ ከ16 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም አቋርጦ ወጣ። ያን ማራቶን ያሸነፈው በቶኪዮ ያልፈጸመው፣ በቦስተንም 12ኛ የወጣው ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ በቶኪዮው ወረቀት ተስፋ ቈርጦ ሩጫውን ትቶት ቢሆን ኖሮ፣ ኢትዮጵያ በሜክሲኮ የወርቅ ሜዳልያዋን ባጣች ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ የሚነዳት መኪና ተገለበጠች። በአደጋው አከርካሪው ተጐዳ፤ ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹም ከዚያ ወዲያ ሊራመዱ አልቻሉም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ፤ እጆቹንም እንደ ልብ ለማንቀሳቀስ በቃ። እዚህ ላይ ታሪኩ የሚያበቃ ይመስላል። አበበ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ በሄደ ጊዜም በበረዶ ላይ በውሻ በሚጐተት ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። በደጋ አገር በሣር ሜዳ ላይ ገና ሲጫወት ያደገ ሰው በበረዶ ላይ ማሸነፉ ተለማምዶት ስለ ነበረ አይደለም፤ ፈተና በመጣ ጊዜ መሰለፍን ስለ ለመደ ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በተፈጸመው ቀብሩ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኝተዋል፤ አገሪቱም አለቀሰችለት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የአበበን ሕይወት ካነበብሁ በኋላ፣ ከሒሳብ መምህራችንም ጋር ተነጋግሬ፣ የሞዴልና የብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚለያዩባቸውን ምክንያቶች እንደሚከተለው አገኘኋቸው።

አንደኛው ቦታውና ሁኔታው ነው። የሞዴሉን ፈተና የምንቀመጠው በለመድነው ክፍል፣ በለመድነው ወንበር፣ በሚያውቁን መምህራን ፊት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ ተደርጓል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር መስጠት ተጀምሯል። ከቤቱ ወጥቶ አድሮ የማያውቅ ልጅ በማያውቀው ግቢ አድሮ፣ በማያውቀው ሰው እየተጠበቀ ይፈተናል። ይህ ለአንዱ የቦስተን ነፋስ፣ ለሌላው የሮም አየር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄው ነው። አንድ ወረቀት በአራት ዓመት የተማርነውን ሁሉ ሊጠይቅ አይችልም፤ ከብዙው ጥቂቱን ይቀነጭባል። ሞዴሉ ያጠናነውን ምዕራፍ ቢቀነጭብ ውጤታችን ከፍ ይላል፤ ብሔራዊው የዘለልነውን ቢቀነጭብ ይወርዳል። ከዚህም በላይ አንዳንድ የሞዴል ጥያቄ ካለፉት ዓመታት ወረቀቶች ስለሚወሰድ፣ ያን ወረቀት ያየ ልጅ የሚመልሰው አውቆ ሳይሆን አስታውሶ ነው።

ሦስተኛው ግምት ነው። መቶ ጥያቄ ካለው ፈተና 40ውን የማያውቅ ልጅ ከአራቱ ፊደል አንዱን እየገመተ ቢያጠቍር፣ በአማካይ 10 ያህል ያገኛል። ግን አንድ ቀን 6፣ ሌላ ቀን 14 ሊያገኝ ይችላል። ይህ የ8 ነጥብ ልዩነት ከዕውቀት የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ለክቶ፣ እጅግ የረዘሙ ወላጆች ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው ወደ መካከለኛው ቁመት ቀረብ እንደሚሉ አሳይቷል። በፈተናም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቀን እጅግ ከፍ ያለ ሰው በሚቀጥለው ጥቂት ዝቅ ማለቱ፣ እጅግ የወረደውም ጥቂት ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው።

አራተኛው የሰውነት ጤናና የልብ ፍርሃት ሲሆን፣ አምስተኛው ለመናገር የሚያሳፍረው ነው፤ ኩረጃ። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊው ፈተና ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ፈተናው ተቋርጦ እንደ ገና ተሰጠ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተዛወረበት በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ30,000 ያነሱ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያት ኩረጃ መቀነሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የትምህርታችን ጕድለትም አለበት። ነገር ግን ከጓደኛው ወረቀት እየቀዳ በሞዴሉ ከፍ ያለ ልጅ፣ በሌላ ሰው እግር የሮጠ ሯጭ ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ወረቀቴን ይዤ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ። ሁለታችንም የሞዴሉን የሒሳብ ጥያቄ ወረቀት አውጥተን አንድ በአንድ አየነው። ጓደኛዬ ከሳታቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሁለት ምዕራፎች የነበሩ ናቸው፤ በአጨዳ ወራት ለአባቱ ሲያግዝ ከክፍል ቀርቶ ያመለጡት ምዕራፎች። የቀሩት ደግሞ የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ ሰዓት ስላልነበረው ጊዜ አልቆበት ያልነካቸው። የነካቸውንማ አብዛኞቹን በትክክል ሠርቷቸዋል። ከዚያ በኋላ የእኔን ተራ አየን። እውነቱን ለመናገር በትክክል ከመለስኋቸው ውስጥ 14ቱ ወይ የገመትኋቸው፣ ወይ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በሰጡኝ አሮጌ ወረቀት ላይ ያየኋቸው ነበሩ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ፊቴ ቀላ። ሁለተኛ የወጣሁት እኔ፣ ወደ መጨረሻው የወረደውም እርሱ፣ ሁለታችንም በዚያ ሰሌዳ ላይ ያልሆንነውን ሆነን ተለጥፈን ነበር።

አባቱ ከጎናችን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ማንበብ ባይችሉም ነገሩን ፈጥነው ተረዱት፤ አንድ ዓመት ዝናብ ስላሳነሰ መሬቱን የሚተው ገበሬ የለምና። ሰኞ ዕለት ጓደኛዬ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ። አባቱም በማግሥቱ ገበያ ወርደው የእጅ ሰዓት ገዙለት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጧት ከመምህራችን አስፈቅደን በባዶ ክፍል ውስጥ፣ ተራርቀን ተቀምጠን፣ በእውነተኛው ፈተና ሰዓትና ያላየነውን ወረቀት ይዘን ሦስት ጊዜ ተፈተንን። የእኔ አማካይ ውጤት ከሰሌዳው ቍጥር ዝቅ አለ፤ የእርሱ ግን በእጅጉ ከፍ አለ። ዛሬ ሁለታችን የተራራቅን ተማሪዎች አይደለንም። እኔም የወረደው ቍጥሬ መጀመሪያ አሳዘነኝ፤ ኋላ ግን የትኛውን ምዕራፍ እንደማላውቅ ስላሳየኝ ከሁለተኛነቱ ይልቅ ጠቀመኝ።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ሳስረክብ ብሔራዊው ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ይቀሩታል። ውጤታችን ምን እንደሚሆን እኔም ጓደኛዬም አናውቅም። እናቴ ዘንድሮ ከሞዴሉ በኋላ ዳቦ ልድፋ ብትለኝ፣ እስከ ፈተናው ድረስ እንድትታገሠኝ ለመንኋት። ወላጆችም እንዲሁ የሞዴሉን ወረቀት ባያችሁ ጊዜ ልጃችሁን አስቀድማችሁ እንዳታሞግሱት፣ አስቀድማችሁም እንዳትኰንኑት አደራ እላለሁ። የሞዴል ፈተና የሚያስፈልገው የጐደለንን ለማወቅ ነውና፣ ጓደኞቼ ሆይ፣ ወረቀቱን ጥላችሁ አትሂዱ፤ የሳታችሁትን አንድ በአንድ ቍጠሩት። ከዚያም እንደ ሻምበል አበበ የለመዳችሁትን ይዛችሁ፣ ከጎናችሁ የሚሮጠው 26 ቍጥርም ይሁን 185፣ በመስመሩ ላይ ተሰለፉ።